«ባለቤቴን 2017 ላይ ትቼው የተሻገርሁ ይመስለኛል»

ጥያቄ፦

ለምክር ዓምዱ አዘጋጅ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? የምጽፈው ከደሴ ነው። የ11 እና የ7 ዓመት ሴቶች ልጆች አሉኝ። ባለቤቴ በሰኔ አጋማሽ 2017 ዓ.ም. ለጥቂት ቀናት ብቻ ታሞ ዐረፈ። የአርባውን ተዝካር በሐምሌ አወጣን፤ ሰማንያው ጳጉሜን ላይ ዋለ። የሩፋኤል ዕለት ልጆቼ እንደ ሰፈሩ ልጅ ሁሉ ዝናቡ ውስጥ ወጥተው ሲጠመቁ በመስኮት እያየሁ አለቀስሁ፤ በየዓመቱ አብሯቸው ወጥቶ የሚበሰብሰው እርሱ ነበርና። በአዲስ ዓመት ዋዜማ ማታ ትንሿ ልጄ «ዘንድሮ ችቦውን ማን ያበራልናል?» ብላ ጠየቀችኝ፤ መልስ አጥቼ በጊዜ አስተኛኋቸው። በበዓሉ ቀን አበባየሆሽ የሚሉ ልጃገረዶች መጥተው በሩን ቢያንኳኩ ሳልከፍትላቸው ቀረሁ። ሰው ሁሉ «እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን አሸጋገረሽ» ሲለኝ፣ ባለቤቴን 2017 ላይ ትቼው የተሻገርሁ ይመስለኛል። አማቴ «ልቅሶሽ ነፍሱን ያስጨንቃል» ይሉኛል፤ ጎረቤቴ ደግሞ «እግዚአብሔር የሚወደውን ቀድሞ ይወስዳል» ትለኛለች። ዳዊት ልደግም እቆምና ቃሉ አፌ ላይ ይደርቃል። በዓሉን አለማክበሬ ኃጢአት ነው? እግዚአብሔርስ ከቤቴ ወጥቶ ሄዶ ይሆን? መስቀልም እየደረሰ ነው፤ ለልጆቼ ምን ልበላቸው?

ስሜ ይቆይ

መልስ፦

ውድ እኅታችን፣ ነፍስ ይማር። የባለቤትዎን ነፍስ ከደጋጎቹ አባቶች ከአብርሃም፣ ከይስሐቅና ከያዕቆብ አጠገብ ያኑርልን፤ እርስዎንና ልጆችዎንም ያጽናልን። መልሱ ከመስቀል በፊት እጅዎ እንዲገባ ስለፈለግሁ፣ ቀድመው የደረሱ ደብዳቤዎችን አቆይቼ የእርስዎን አስቀድሜአለሁ።

ከቀላሉ ልጀምር። በዓሉን አለማክበርዎ ኃጢአት አይደለም። ሰማንያው ከወጣ ሳምንት ያልሞላው ሐዘንተኛ ቄጠማ ጎዝጉዞ፣ ዶሮ ሠርቶ፣ ነጭ ለብሶ እንዲቀመጥ እግዚአብሔርም አላዘዘም፣ ቤተ ክርስቲያንም አልጠየቀችም። ሐዋርያው ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች ሲጽፍ ከሚያለቅሱ ጋር አልቅሱ ብሎ ያዘዘው ጎረቤትን ነው፤ ሐዘንተኛውን ደስተኛ ምሰል አላለውም። ወጋችንም ቢሆን ሐዘን የገባበት ቤት በዓል ሲደርስበት ዘመድ እንጀራና ወጥ ይዞ ሄዶ አብሮ እንዲውል ያደርጋል እንጂ ሐዘንተኛን ለብቻው አይተውም። ለልጃገረዶቹ በር ባለመክፈትዎም ራስዎን አይውቀሱ፤ ልጆቹ ወደ ቀጣዩ ቤት አልፈዋል፣ እግዚአብሔርም በዚህ አይቀየምዎትም።

ከባዱ ጥያቄዎ ሁለተኛው ነው፤ እግዚአብሔር ከቤቴ ወጥቶ ሄዶ ይሆን ወይ የሚለው። ለዚህ መልስ ለመስጠት ወደ ዕለቱ ባለቤት እንድንመለስ ይፍቀዱልኝ። መስከረም 1ን ሕዝባችን እንቁጣጣሽ የሚለውን ያህል ቅዱስ ዮሐንስም ይለዋል፤ ስሙን ከልጅነታችን ስለለመድነው ግን ዕለቱ የተሰጠው ለማን እንደ ሆነ ቆም ብለን አናስብም። የዓመቱ በር የተከፈተው በወኅኒ ቤት ተጥሎ፣ በግፍ አንገቱ በተቆረጠ ሰው ስም ነው። ስንክሳሩም ይህን አያለባብስም፤ መስከረም 1 በመጥምቁ ስም ከዋለ በኋላ በማግሥቱ፣ መስከረም 2፣ አንገቱ የተቆረጠበትን ቀን ያነባል። አበባው ገና ሳይጠወልግ፣ የእንኳን አደረሳችሁ ቃል ከአፋችን ሳይወርድ፣ ቤተ ክርስቲያን የሞት ታሪክ ታነባለች። ስለዚህ ቤትዎን ዘግተው ባለቀሱበት ቀን ከበዓሉ ውጭ የነበሩ አይምሰልዎ፤ ብዙዎቻችን ከጠረጴዛው ዙሪያ ሆነን ከነበርንበት ይልቅ ለበዓሉ ባለቤት የቀረቡት እርስዎ ሳይሆኑ አይቀሩም ብዬ አምናለሁ።

ዮሐንስ የታሰረው፣ የአይሁድ ታሪክ ጸሐፊው ዮሴፈስ እንደ መዘገበው፣ ከሙት ባሕር በስተምሥራቅ ባለው በማኬሩስ ምሽግ ነበር። በዮርዳኖስ ዳር «እነሆ የእግዚአብሔር በግ» ብሎ በጣቱ ያመለከተው ያው ሰው፣ ከእስር ቤቱ ሆኖ ደቀ መዛሙርቱን ወደ ጌታ ልኮ «የሚመጣው አንተ ነህን? ወይስ ሌላ እንጠብቅ?» ብሎ አስጠየቀ። ብዙዎቹ አባቶቻችን ጥያቄውን ያቀረበው ለራሱ ተጠራጥሮ ሳይሆን ደቀ መዛሙርቱ ከጌታ አፍ ሰምተው እንዲያምኑ ብሎ ነው ብለው ይተረጉሙታል፤ እኔም ይህን ትርጓሜ አከብራለሁ። በየትኛውም መንገድ ቢተረጎም ግን ጥያቄው ተጠይቋል፣ ጌታም አልተቆጣም። ዕውሮች እንደሚያዩ፣ አንካሶች እንደሚራመዱ፣ ሙታን እንደሚነሡ ንገሩት ብሎ መልስ ሰደደለት፤ መልእክተኞቹ ዞር እንዳሉም ለሕዝቡ ስለ ዮሐንስ ሲናገር ከሴቶች ከተወለዱት መካከል ከእርሱ የሚበልጥ እንዳልተነሣ መሰከረለት። እግዚአብሔርን «የት ነህ?» ብሎ መጠየቅ ከክብሩ የሚያዋርድ ቢሆን ኖሮ ይህ ምስክርነት ከዚህ ጥያቄ ቀጥሎ ባልመጣ ነበር።

የእስር ቤቱ በር ግን አልተከፈተለትም። ይህን ዘልዬ ማለፍ አልፈልግም፣ እርስዎም የጸለዩት ጸሎት እንደ ለመኑት አልተመለሰምና። ዮሐንስ ተገደለ። የማቴዎስ ወንጌል በምዕራፍ 14 ቀጥሎ የሚነግረን ነገር አጭር ስለ ሆነ ሳይስተዋል ያልፋል፦ ደቀ መዛሙርቱ ቀርበው በድኑን ወስደው ቀበሩት፤ መጥተውም ለኢየሱስ አወሩለት። ከመቃብር በቀጥታ ወደ እርሱ ሄዱ ማለት ነው። የዘረጉት ጸሎት፣ ያቀረቡት ልመና አልተጻፈም፤ የተጻፈው የሆነውን እንዳወሩለት ብቻ ነው። እርሱም ይህን በሰማ ጊዜ በታንኳ ብቻውን ወደ ምድረ በዳ ፈቀቅ አለ። በዘመዱ ሞት ገለል ማለትን እርሱ ራሱ ያውቀዋል።

ዳዊት ሊደግሙ ቆመው ቃሉ አፍዎ ላይ ሲደርቅ እንግዲህ ይህን ያድርጉ፤ ያውሩለት። ባለቤትዎ የታመሙበትን ቀን፣ ሐኪሙ ያለዎትን፣ ሳይነግሯቸው የቀረ ነገር ካለ እርሱን፣ ማታ አልጋው ሲሰፋብዎ የሚሰማዎትን፣ ለእኅት እንደሚያወሩት አድርገው በተራ አማርኛ ያውሩለት። ከዳዊት መድገም ካማረዎ ደግሞ መዝሙር 87ን ይግለጡ፤ በአንዳንድ መጽሐፍ ቅዱስ 88 ተብሎ ይቆጠራል። ከመዝሙራቱ ሁሉ ይህን የመረጥሁልዎ አብዛኞቹ የልቅሶ መዝሙራት እያለቀሱ ጀምረው በምስጋና ሲጨርሱ ይህኛው በጨለማ ስለሚጨርስ ነው። ባለመዝሙሩ ሌሊትና ቀን እንደ ጮኸ፣ ወዳጆቹ እንደ ራቁበት ይናገርና ምንም ሳይጽናና ያበቃል፤ ይህም ጸሎት ሆኖ ከሌሎቹ እኩል ይደገማል። ልባችን ሲሞቅ የሚመጣ፣ ሲቀዘቅዝ የሚሄድ አምላክ ቢሆን ኖሮ ይህ መዝሙር ከመጽሐፉ በወጣ ነበር።

አሁን ወደ ጻፉት ወደዚያ ከባድ ቃል ልምጣ። ባለቤቴን 2017 ላይ ትቼው የተሻገርሁ ይመስለኛል ብለዋል። አዲስ ዓመት ሐዘንተኛን የሚወጋው በዚህ በኩል ነው። ሰው ሁሉ አሮጌው ዓመት ይሂድ፣ ከነመከራው ይለፍ ሲል፣ እርስዎ የሚወዱት ሰው የኖረበት የመጨረሻው ዓመት ያ ሆኖብዎታል። «አሮጌ» ሲባል ስድብ መስሎ ቢሰማዎት አይገርመኝም። በየዓመቱ መግቢያ ከምንሰማቸው ቃላት አንዱ የዳዊት ነው፤ «በቸርነትህ ዓመታትን ታቀዳጃለህ» ይላል። ይህን ቃል መጪው ዓመት የተመቸ እንደሚሆን እንደ ተሰጠ ዋስትና አድርገን የምንናገርበት ልማድ ቅር ያሰኘኛል፤ ሐዘን የገባበት ቤት ሲሰማው ምን ይላል? ዳዊት የተናገረው ዓመታቱ የእግዚአብሔር እንደ ሆኑ ነው። 2018 የእርሱ እንደ ሆነ 2017ም የእርሱ ነው፤ የሰኔው ሳምንትም ጭምር። እርስዎ ከ2017 ወጥተዋል፣ እግዚአብሔር ግን ከዚያ አልወጣም፤ ባለቤትዎን የተቀበለውም ያው ነው። በመካከላችሁ የቆመው ጳጉሜን ለእኛ ለመቁጠሪያ የተሰጠ ነገር እንጂ እርሱን ከእጁ የሚነጥቅ ድንበር አይደለም።

ጌታችን ስለ ሙታን መነሣት ሰዱቃውያን ሲከራከሩት፣ እግዚአብሔር በቍጥቋጦው ለሙሴ «የአብርሃም አምላክ፣ የይስሐቅ አምላክ፣ የያዕቆብ አምላክ» ብሎ መናገሩን ጠቅሶ «የሕያዋን አምላክ ነው እንጂ የሙታን አይደለም» ብሎ መለሰላቸው። በዚያን ጊዜ አብርሃም ከሞተ ብዙ መቶ ዓመታት አልፈው ነበር። እኛ ነፍሳቸውን ከአብርሃም ከይስሐቅና ከያዕቆብ አጠገብ ያኑር የምንለው በዚህ ቃል ተማምነን ነው። የክርስቲያን ተስፋ ከመልካም ምኞት የሚለየውም እዚህ ላይ ነው፤ ምኞት ዓመቱ ይሻል ይሆናል ይላል፣ ተስፋችን ግን የተሠራው ከመቃብር በተነሣው በክርስቶስ ላይ ስለ ሆነ ዓመቱ ባይሻልም አይፈርስም።

ይህ የጠቀስሁልዎ ክርክር በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 12 ይገኛል፤ ዘንድሮም ዘመነ ማርቆስ ነው። ትልቋ ልጅዎ ሒሳብ የምትወድ ከሆነ ራሷ ታውጣው፤ 5500 ዓመተ ዓለምን ከ2018 ጋር ትደምርና 7518ን ለአራት ታካፍል። አንድ ሲተርፍ ማቴዎስ፣ ሁለት ሲተርፍ ማርቆስ፣ ሦስት ሲተርፍ ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ ነው። ማርቆስ ከአራቱ አጭሩ ወንጌል ነው፤ 16 ምዕራፍ ብቻ ነው። ማታ ማታ ልጆቹ ከመተኛታቸው በፊት ጥቂት ጥቂት ቁጥር ብታነቡ ሳይከብዳችሁ ትጨርሱታላችሁ። ምዕራፍ 4 ላይ ስትደርሱ ማዕበሉ ታንኳውን ሲመታው፣ ጌታም ተኝቶ ሳለ፣ ደቀ መዛሙርቱ «መምህር ሆይ፣ ስንጠፋ አይገድህምን?» ብለው ሲቀሰቅሱት ታገኛላችሁ፤ የእርስዎ ጥያቄ ነው፣ በታንኳው ውስጥ አብሯቸው ላለው ጌታ የቀረበ። ምዕራፍ 15 ላይ በመስቀል ሆኖ «አምላኬ አምላኬ፣ ለምን ተውኸኝ?» ብሎ ይጮኻል። ማርቆስ ከመስቀል ላይ የተነገረ ሌላ ቃል አልጻፈልንም። እግዚአብሔር ትቶኛል ብሎ የሚያለቅስ ሰው ብቻውን እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ላገኝልዎ አልችልም፤ ወልደ እግዚአብሔር እዚያ ድረስ ወርዷልና።

የማርቆስ የመጨረሻ ምዕራፍ ደግሞ ለትንሿ ልጅዎ የተጻፈ ይመስላል። ሴቶቹ ሽቱ ይዘው እጅግ ማልደው ወደ መቃብር ሲሄዱ እርስ በርሳቸው «ድንጋዩን ከመቃብሩ ደጃፍ ማን ያንከባልልልናል?» ይባባሉ ነበር። «ችቦውን ማን ያበራልናል?» የሚለው የልጅዎ ጥያቄ የዚህ ታናሽ እኅት ነው። ሴቶቹ መልሱን ሳያገኙ ነው ከቤት የወጡት፤ ሐዘናቸውንም ሽቱአቸውንም ይዘው ሄዱ፣ ሲደርሱ ድንጋዩ ተንከባሎ ጠበቃቸው። እርስዎም ስለ ዓመቱ ሁሉ መልስ ይዘው እንዲጀምሩ አይጠበቅብዎትም።

ስለሚሏችሁ ነገር ባጭሩ ልናገር። ልቅሶ ነፍስን ያስጨንቃል የሚል ቃል በመጽሐፍ የለም። ጌታ አልዓዛርን ሊያስነሣው እንደ ሆነ እያወቀ እንባውን አፈሰሰ፤ ጳውሎስም ለተሰሎንቄ ሰዎች የጻፈው ተስፋ እንደሌላቸው ሰዎች እንዳያዝኑ እንጂ ከነጭራሹ እንዳያዝኑ አይደለም። ሆኖም አማትዎን አይቀየሟቸው። እርሳቸው ያጡት ልጃቸውን ነው፤ እርስዎ ባለቀሱ ቁጥር የእርሳቸውም ቁስል ስለሚነካ ይሆናል ዝም በይ የሚሉት። አንድ ቀን ቡና አፍልተው አጠገባቸው ይቀመጡና ልጃቸው በልጅነታቸው ምን ዓይነት እንደ ነበሩ ይጠይቋቸው። አብራችሁ ልታለቅሱ ትችላላችሁ፤ ያ ልቅሶ ለሁለታችሁም ይጠቅማል። የጎረቤትዎ ቃል በደግ ልብ የተነገረ ቢሆንም ለልጆች ፈጽሞ እንዳይደገም እለምንዎታለሁ። የ7 ዓመት ልጅ እግዚአብሔር የሚወደውን ይወስዳል ሲባል ብትሰማ እግዚአብሔር እንዳይወዳት ትፈራለች። ቅዱስ ጳውሎስ ሞትን የጠራው ጠላት ብሎ ነው፤ የኋለኛው ጠላት፣ የሚሻር ጠላት። ልጆችዎም አባታቸውን የነጠቃቸው ጠላት እንደ ሆነ፣ አባታቸውን የተቀበለው ደግሞ እግዚአብሔር እንደ ሆነ ለይተው ይወቁ።

መስቀልን በተመለከተ፣ ልጆቹን ደመራ ይውሰዷቸው እላለሁ። ለራስዎ ከከበደዎ አጎት ወይም የክርስትና እናት ይውሰዳቸው፤ እነርሱ ግን አይቅሩ። ንግሥት ዕሌኒ ደመራ አስደምራ፣ ዕጣን አስጨምራ፣ ጢሱ መስቀሉ የተቀበረበትን ስፍራ እንዳመለከታት ልጆቹ ያውቁታል። የማይነገራቸው ሌላ ነገር አለ፤ በቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት መስከረም 17 ቁፋሮው የተጀመረበት ቀን ነው፣ መስቀሉ የወጣው መጋቢት 10 ነው። በመካከሉ ስድስት ወር ገደማ አለ። በታላቅ ድምቀት የምናከብረው ገና አንድ አካፋ አፈር ሲነሣ የነበረውን ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ ዕሌኒ ጥቅምትን፣ ኅዳርን፣ ታኅሣሥን ስታስቆፍር ከርማለች። የእርስዎ ቤት አሁን በዚያ ወራት ውስጥ ነው ያለው። በመስከረም ደስታ ካልመጣልኝ ተስፋ የለኝም ብለው አይደምድሙ።

የችቦውን ነገር ለትንሿ ሲመልሱላት እውነቱን ይንገሯት፦ «አባባ ስለሌለ እኔ አበራዋለሁ፣ አንቺ ትይዢልኛለሽ» ቢሏት ይበቃል። እንባ ቢመጣብዎ ከእርሷ አይደብቁት፤ እናቷ እያለቀሰች ችቦ ስታበራ ያየች ልጅ ሐዘንና እምነት በአንድ ቤት አብረው እንደሚኖሩ ታውቃለች። «እንኳን አደረሰሽ» ለሚልዎትም «እግዚአብሔር ይመስገን» ብቻ ብለው ቢያልፉ ማንም አይቀየምም።

አንድ ነገር በጥብቅ አደራ እላለሁ። እንቅልፍ ጨርሶ ከራቀዎ፣ ምግብ አልወርድ ካለዎ፣ ወይም ከእርሱ ጋር በሞትሁ የሚል ሐሳብ ከተመላለሰብዎ፣ ዛሬውኑ ለአንድ የቅርብ ሰው ይንገሩና አብራችሁ ወደ ሐኪም ይሂዱ። ይህ የእምነት ማነስ አይደለም፤ የንስሐ አባትዎ ጸሎትና የሐኪሙ እርዳታ የሚጣሉ ነገሮች አይደሉም። የንስሐ አባትዎንም ቤት መጥተው ጠበል እንዲረጩላችሁና ከልጆቹ ጋር እንዲነጋገሩ ይጥሯቸው። ስለ ሙት ዓመቱ ድግስ ከአሁኑ አይጨነቁ፤ ብድር ገብቶ የሚደረግ ተዝካር ለሟችም ለልጆችም አይበጅም።

በመጪው እሑድ ደግሞ፣ ከቻሉ፣ ቅዳሴ ያስቀድሱ። በቅዳሴው መካከል ካህናቱ በሕይወት ስላለነው እንደሚጸልዩ ሁሉ ስላንቀላፉትም ይጸልያሉ፤ እርስዎና ባለቤትዎ በአንድ ጸሎት ውስጥ የምትጠሩበት ሰዓት ነው። ቀደም ብለው ለካህኑ የባለቤትዎን የክርስትና ስም ይስጡና በጸሎት እንዲያስቧቸው ይንገሯቸው። ልጆችዎ የአባታቸውን የክርስትና ስም የማያውቁት ከሆነ፣ ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት ይንገሯቸው።